እንትፍ በይባት

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ የማወራው ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የፍርሃት ወሬ ነውና። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ሁዳዴ ለእናቴም ለሌላም የምበጅ አልነበርሁም።

ወረታ ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። በመኝታ ክፍላችን አራት ልጆች ነበርን፤ ከአልጋዬ ጎን ባለው አልጋ አንዲት ልጅ ትተኛለች። ሙስሊም ናት። አባቷ ከወንዙ ማዶ ባለ መንደር ጋቢና ቡሉኮ የሚሠራ ሸማኔ ነው። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ሜዳው መካከል ባለች ደብር ያገለግላል፣ ቅኔ ያስተምራል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ክታብ ይጽፋል፤ ለሾተላይ፣ ለራስ ምታት፣ ከሁሉ በላይ ግን ለቡዳ። በእኛ አገር ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። ዐይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ያየ የለም፤ የማያወራም የለም። እኔን ኮሌጅ ያደረሰኝ የአባቴ ብራና ነው፤ ያን ብራና ሰው የሚያስጽፈው ደግሞ የእሷን አባት ዐይን ፈርቶ ነው። ያኔ ይህን እንዲህ አላሰብሁትም።

በመጀመሪያው ቀን ልብስ ስቀይር አንገቴ ላይ ያለውን በቆዳ የተሰፋ ክታብ አየችና «ይሄ ለእኔ ነው?» አለችኝ።

ደነገጥሁ። «ለራስ ምታት ነው» አልኋት።

«እንግዲያስ ራስሽን ሲያምሽ ወደ እኔ እንዳታዪ» አለችና እየሳቀች አልጋዋን ማንጠፍ ቀጠለች። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምፈራ ሰው ነኝ፤ እሷ በሁለቱም ትስቅብኛለች። ጓደኛ ያደረገን ይኸው ነው።

የግቢ ጉባኤ አባል ነበርሁ። ከትምህርት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው አዳራሽ ተሰብስበን እንማራለን፣ እንጸልያለን፤ እርስ በርስም «እኅታችን»፣ «ወንድማችን» እንባባላለን። በዚያ ጾም የታሰሩ ሰዎች ጠይቀናል፣ ጧሪ የሌላቸውን አሮጊቶች ልብስ አጥበናል፣ የአንዲትን መበለት ቤት በጭቃ መርገናል። እጃችን ለሩቅ ሰው ቶሎ ይዘረጋ ነበር።

እኔ በዘጠኝ ሰዓት እበላለሁ፤ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አትቀምስም። ሽሮዬን ስጎርስ አጠገቤ ተቀምጣ ታነባለች። አፍሬ ወደ ውጭ ልወጣ ስነሣ «ኧረ ብይ፣ የእናንተ የጾም ወጥ እንደሁ ሽታም የለው» ትለኛለች። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳህኔን ገፋ አደረግሁና «ዛሬ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንቀምሳለን» አልኋት።

«አበድሽ? ቄስሽ ቢሰማስ?»

«ማን ይነግረዋል?»

ማንም አልነገረውም። እኔም ለማንም አልተናገርሁም፤ የእስላም ጾም ጾመች እባላለሁ ብዬ ፈርቼ። ፀሐይ ስትጠልቅ እሷ በቴምር ስትጀምር እኔ በዳቦ እጀምራለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ሳትሁ። እሷ ከንጋት በፊት ተነሥታ ትበላለች፣ ውሃዋንም ትጠጣለች። እኔ በእናቴ ቤት የለመድሁት ከመንፈቀ ሌሊት ወዲያ እህል ውሃ የማይነካበትን ጾም ነው፤ ስትቀሰቅሰኝ «ነውር ነው» ብዬ ተገላብጬ እተኛለሁ። የሁለቱን ሃይማኖት ከባድ ከባዱን ወስጄ ቀላሉን ትቼላቸው ነበር። መጋቢት ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ያለቀበት ሜዳ ተሰነጣጥቆ ነፋሱ የገለባ አቧራ ከተማው ላይ ይበትናል። እንዲህ ሆኜ እስከ ሐሙስ ቆየሁ።

ሐሙስ በዐሥራ አንድ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ስንሰግድ ግንባሬን ወለል አስነክቼ መነሣት አቃተኝ። ልጆቹ ተሸክመው መኝታ ክፍል አስገቡኝ። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛዋ ልጅ ከሁሉ አብልጣ ትወደኛለች፤ ስታለቅስ እሰማታለሁ። «ተበላች! እኅቴንም እንዲሁ አድርጓታል፣ በእማምላክ ፍጠኑ!» ከሰል መጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ የጎማ ጫማ ቁራጭ ተጨመረበት። ጋቢ ከራሴ እስከ እግሬ ከደኑብኝና ጭሱን ከሥር አደረጉት። ጋቢው የጓደኛዬ አባት የሠራው ነበር።

«ማን ነህ? ከየት ያዝሃት?»

ልማዱን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ደጅ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የታመመው ሰው የበላውን ስም እስኪጠራ ድረስ ጭሱ አይነሣም። «ማንም አይደለም» አልሁ። «ይዋሻል፣ ጨምሩበት» አለች የላይኛዋ ልጅ። ጎማው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። መተንፈስ አቃተኝ፤ የምሞት መሰለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ የጓደኛዬን ስም ጠራሁ።

ጭሱ ወዲያው ተነሣ።

ሮጠው አመጧት። ከቧንቧው ዘንድ ለጸሎቷ እየታጠበች ነበር፤ በጋቢው ጠርዝ ሥር እርጥብ እግሮቿን አየሁ። «እንትፍ በይባት» አሏት። ይህም ልማድ ነው፤ የበላው ሰው ምራቁን ካልተፋበት የተበላው አይድንም። እንትፍ ካለች ቡዳነቷን አመነች ማለት ነው። እምቢ ካለች ገደለችኝ ማለት ነው። መውጫ አልነበራትም፤ ይህንም ከእኔ እኩል ታውቃለች።

«ትሞታለች?» አለች።

«ካላልሽ ትሞታለች።»

ሞከረች። ድምፁ ብቻ ወጣ እንጂ ምንም አልወጣትም። «ምራቅ የለኝም፤ ጾመኛ ነኝ» አለች።

«ውሃ ስጧት!»

«ኧረ ጥቂት ጠብቁኝ። ልትጠልቅ እኮ ነው፣ በአላህ፣ ጥቂት ነው የቀረው።»

«እስከዚያ ትሙት?»

ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። ጣሳው ከጥርሷ ሲጋጭ ሰማሁ። ጋቢውን ገለጡልኝና እንትፍ አለችብኝ። ግማሹ ከንፈሬ ላይ ዐረፈ፤ በምላሴ ላስሁትና ዐይኔን ገለጥሁ። «ለቀቃት! ለቀቃት!» እልል ተባለ፤ ተቃቀፉ። በጣሳው የቀረውን ውሃ ለእኔ ሰጡኝ፤ እስከ ታች ጠጣሁት። እሷን ያየ አልነበረም። በሩን ተደግፋ በመዳፏ አፏን ይዛ ቆማለች።

ዓርብ ማለዳ ስነቃ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ሌሎቹ ወጥተዋል። «ስሚኝ» አለችኝ፤ «ውሃ ጠምቶኝ ነው በያቸው። ሌላ ምንም አትበዪ። ውሃ ጠምቶኝ ነው በይ ብቻ።»

«እሺ» አልኋት። አልተናገርሁም። ከጸሎት የተመለሰችው የላይኛዋ ልጅ ግንባሬን ስማ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል፣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብናገር ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ ለምን ጾምሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? አባቴ ቢሰማስ? አንዱ ፍርሃት ሌላውን ሲወልድ ቀኑ መሸ።

ቅዳሜ ጧት በራችን ላይ በከሰል የተሣለ ጅብ አገኘን። በእርጥብ ጨርቅ ስታጠፋው ቆሜ አየኋት፤ እጄን አልዘረጋሁም። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቱ ድንጋይ ገባ፤ ትራሷ ላይ ዐረፈ። በዚያ ሰሞን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት አንድ ቀን ክፍት ሁለት ቀን ዝግ ስለነበር ወደ ወላጆቿ መሻገር አትችልም። ከማደሪያው ብትወጣ የምትገባበት የለም። ይህን እያወቅሁ ነው የጉባኤው ሰብሳቢ፣ ሦስተኛ ዓመት የሆነ ጨዋ ልጅ፣ በር ላይ ጠርቶኝ የነገረኝን የሰማሁት።

«እኅታችን፣ ነገ የተደረገልሽን ለጉባኤው ትመሰክሪያለሽ። ከዚያ ለኮሌጁ አመልክተን ልጅቱ ከማደሪያው ትወጣለች። ለራሷም ይሻላታል፤ ልጆቹ ተቆጥተዋል።»

«እሺ» አልሁ። ለእሷም እሺ፣ ለእሱም እሺ።

በዚያው ቀን በእግሬ ወደ አባቴ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጦ ብራና ይፍቃል። ከሰኞ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ መጾሜንም፣ ስሟን መጥራቴንም። መፋቂያውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዙሪያውን አየ፤ የሰማ ሰው እንዳለ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርሁም። ነገ መስክሪ ብለውኛል። አባባ፣ ምን ይሉኛል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

«ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ልጅቱን ያባርሯታል እኮ። ሊደበድቧትም ይችላሉ።»

ዳግም ወደ አጥሩ በር አየ። አባቴ ፈሪ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፍርሃቴ ከእናቴ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ልነሣ ስል አንገቴን ዳሰሰና ክታቡን አገኘው።

«ሐሙስ ዕለት አውልቀሽው ነበር?»

«አላወለቅሁትም። አንገቴ ላይ ነበር።»

ያልሁት ለሁለታችንም እኩል የገባን ይመስለኛል። ክታቡ የሚሠራ ከሆነ አልተበላሁም። ከተበላሁ ደግሞ ክታቡ አይሠራም። አባቴ ክታቡን ለቀቀና «ለሸማኔ ልጅ ክታብ ጽፌ አላውቅም» አለ። «መጥተውም ጠይቀውኝ አያውቁም። እነሱን ከእኛ የሚጠብቅ ምን እጽፍላቸው ነበር?» ከዚያ መፋቂያውን አነሣና ሥራውን ቀጠለ። ሂጂ ተናገሪ አላለኝም። ዛሬም ድረስ አላለኝም።

ወደ ወረታ ስመለስ ግን መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። የመጻጉዕ ሳምንት ነው፤ መምህሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ አንሥቶ ወደ ውሃው የሚከተው ሰው ስላጣው በሽተኛ አስተማሩን። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። የመድረኩን ጠርዝ ያዝሁ።

«ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ» አልሁ። «ሐሙስ ዕለት የአባቴ ክታብ አንገቴ ላይ ነበር። አላወለቅሁትም። ስለዚህ እሷ ልትበላኝ አትችልም።»

አጉረመረሙ። ራሳቸውን የነቀነቁም ነበሩ። «ክታቡ አንገቷ ላይ ከነበረ እውነት ነው፤ የበላቻት የሸማኔው ልጅ አይደለችም ማለት ነው» ተባባሉ። ደስ ሊለኝ ሲል አንዱ ከኋላ «ታዲያ ከክታብ የጠና ማን ይሆን?» አለ። ያኔ ጭንቅላቶች ሲዞሩ አየሁ። አንድ ሁለት ብለው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሩ፤ እዚያ የምትቀመጠው ልጅ እንደኛው ኦርቶዶክስ ናት፣ በገና ትደረድራለች፣ እናቷ ገበያ ላይ ጀበናና ማሰሮ የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ናት። ነጠላዋን ወደ ፊት ስባ አንገቷን ደፋች። ማንም ምንም አላላትም። ከአጠገቧ ያለችው ልጅ ብቻ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ድንጋዩን ከአንዷ ትራስ አንሥቼ ሌላዋ ላይ ልወረውረው ነበር።

«ማንም አልበላኝም» አልሁ። ድምፄ ጮኾ ወጣ። «ከሰኞ ጀምሮ እንደ እሷ እስከ ምሽት ስጾም ነበር። ውሃ አልጠጣሁም። ሌሊትም አልተነሣሁም። ወድጄ ነው የጾምሁት። ስሟን የጠራሁት ጭሱ እንዲነሣልኝ ነው። ስም ካልጠራሁ እንደማትተዉኝ አውቃለሁ፤ ስትጠይቁኝ የእሷ ስም ቀረበኝ። የእሷን ስም ብጠራ እንደምታምኑኝም አውቅ ነበር። የበላት እኔ ነኝ። ጾሟን አስፈታናት፤ እኔን ለማዳን ብላ ጠጣች።»

ከዚያ የላይኛዋ ልጅ ተነሥታ «ወየው! አለቀቃትም፣ እያስለፈለፋት ነው!» ብላ አለቀሰች። እንደ ሐሙሱ ያለ ፍርሃት መላ ሰውነቴን ወረረኝ። እውነት ብናገርም ቡዳው ነው የሚያናግራት ይላሉ፤ ከሰሉን መልሰው ያመጡታል ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ያዳነኝ የሰብሳቢው ጥያቄ ነው። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «እኅታችን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቀን ቀን አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣሽም?» አለ።

«አንድ ጉንጭ።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትም።»

ቁጭ አለ። የመዝጊያ ጸሎት አደረስንና ተበተንን። ማመልከቻው አልተጻፈም። አምኖኝ ይሁን ፈርቶኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ድንጋይም አልተመለሰም፤ ግን ክፍላችን ውስጥ የእሷ ጣሳ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ። እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይጠጣበት።

ያን ቀን ማታ በጉባኤው ያልሁትን ነገርኋት። ጠምቶኝ ነው በይ ያለችኝን ትቼ ስሟን አውቄ እንደጠራሁ ነገርኋት።

«አውቄያለሁ» አለች። «እኔንም ቢያጥኑኝ የአንቺን ስም እጠራ ነበር። ማን ያምነኛል እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ አልሳቀችብኝም። ረመዳን አለቀ፤ የእኛ ጾም ቀጠለ። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጧት ቁርስ ሳትበላ ወደ ክፍል ስትሄድ አየኋትና ጠየቅኋት። «ያቺን ያስፈታችሁኝን ቀን እየመለስሁ ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ዋልሁ፤ በሰገድሁ ቁጥር ግን የማስበው የእሷን የደረቀ ምላስ ነበር። ሲመሽ ወደ ክፍላችን ሮጥሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መስኮቱን ታያለች። ሌሎቹም ነበሩ። እኔም ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ቀይ ክር ያለበትን ጣሳ አነሣች፤ ግማሹን ጠጣችና ቀሪውን ወደ እኔ ዘረጋችው። ልጆቹ ሁሉ ማየት ጀመሩ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ማንም አልበላኝም ያልሁ ሰው ነኝ። ክታቤን ካወለቅሁ ሳምንታት አልፈዋል። ግን ጣሳውን ሳየው ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣና እጄ ጭኔ ላይ ቀረ። ሦስት ቆጥሮ የመጨረስን ያህል ነው የዘገየሁት፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። ተቀብዬ እስከ ታች ጠጣሁት። መዘግየቴን ግን አይታዋለች፤ ጣሳውን ተቀብላኝ መልሳ መስኮቱ ጥግ አስቀመጠችው።